ጣዕም የሌለው ብረት

ባለፈው ክረምት፣ የወንድሜ ልጅ ወስዶኝ፣ አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጅቱ ደነገጠች። መርፌውን የፈራሁ መሰላት።

«አባባ፣ አይዞዎት! ገና ምንም አልነካሁዎትም እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ በእጇ አልነካችኝም። የነካኝ ንግግሯ ነው። የወለቁትን የሁለት መንጋጋዎቼን ቦታ አይታ፣ «እዚህ ጋ መትከል እንችላለን። አጥንቱ ውስጥ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን ትገባለች። ሰውነት አይጠላትም፤ አጥንቱ ራሱ ጠጋ ብሎ ያቅፋታል» ነበር ያለችኝ። ይህንኑ ነገር፣ ቃሉን ብዙም ሳይለውጥ፣ የነገረኝ ሌላ ሐኪም ነበር። ያኔ ጥርሴ ሙሉ፣ ጠጉሬ ጥቁር፣ ልቤም ትዕቢተኛ ነበር።

ለልጅቱ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብያት ወጣሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ወሬዬ ዝግ ያለ ነው፤ ታገሡኝ።

ሰይድ እባላለሁ። ትውልዴ ወሎ ነው። አቃቂ የገባሁት በአጎቴ የጭነት መኪና፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እያነጠስኩ ነው። ቁርኣን ጥቂት ቀርቻለሁ፣ መቅራት ማለት ማንበብ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ግን አላውቅም ነበር። ስሜን መጻፍ የተማርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌያችን በሚሰጠው መሠረተ ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ ወረቀት ላይ የማኖረው አውራ ጣቴን ነበር።

እጄ ግን የተማረ ነበር። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ እሠራ ነበር። ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ በስለት የሚልግ መኪና ነው። የተሰበረ ዘንግ፣ የተበላ ብሎን፣ ከውጭ አገር ካልመጣ አይገኝም የተባለ ዕቃ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አይቼ፣ ለክቼ፣ አምሳያውን አወጣለሁ። አንድ ልማድም ነበረኝ። ሠርቼ የጨረስኩት ነገር ላይ፣ በማይታይ ቦታ፣ በሞረድ ጫፍ አንዲት ጭረት አኖራለሁ። የእኔ መሆኗን እኔ ብቻ እንዳውቅ ነው። ከአጠገቤ የሚሠራው ግርማ ይስቅብኛል።

«ንጉሡ እንኳ ወርደዋል፣ አንተ ማኅተምህን አልጣልክም!»

ጭረቷን ከእኔ ሌላ የምታውቃት ባለቤቴ ፋጡማ ናት፤ ፋጤ ነው የምላት። የቤታችን መቀርቀሪያ ላይ፣ የብረት ምጣዷ ጆሮ ላይ፣ የመቀሷ ብሎን ላይ አለች። በጥፍሯ ትፈልጋትና «አገኘሁህ» ትለኛለች። ፋጤ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበረች። ሥራው ቀኑን ሙሉ ከመኪና መኪና እየሮጡ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። እግሯ ፈጣን ነበር። አብረን ገበያ ስንወጣ ሁልጊዜ ከፊቴ ናት፤ ዞር ትልና «አንተን ስጠብቅ ገበያው ሊፈታ ነው» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ በሰቃ በሚባለው ሰፈር በኩል የባቡሩን ሐዲድ ልትሻገር ስትል ባቡሩ ጮኸ። ከፊቷ የነበረው የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። የጋሪው ጎማ በግራ ቅልጥሟ ላይ ወጣ።

የደረስኩት በጋቢ አድርገው ሲያነሷት ነው። እኔን ስታይ ያለችው ይህን ነው፦ «ሰይዴ፣ ዛሬ እንኳ ከፊት ሂድልኝ።»

ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናት። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ዶክተር ኃይሉ የሚባል የአጥንት ሐኪም ያዛት። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ የጠገበበትን ቀን የረሳ ነበር። ጦርነት ነው፣ ቁስለኛ በየቀኑ ይመጣል። መድኃኒቱም ዕቃውም ወደ ግንባር ነው የሚሄደው።

የፋጤን እግር በገመድ ወጥረው፣ ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥለው አስተኟት። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝና አንድ ትንሽ ሳጥን ከፈተ።

«ሰይድ፣ የባለቤትህ አጥንት ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። በጀሶ ብቻ ቢያዝ ጠማማ ሆኖ ይገጥማል። ይህን ብረት አጥንቱ ላይ መግጠም አለብኝ» አለና ስድስት ቀዳዳ ያለው ቀጭን ብረት አሳየኝ። «ከውጭ መጥተው የነበሩ ሐኪሞች ትተውልን የሄዱት ነው። ግን ስድስት ቀዳዳ፣ አምስት ብሎን። ስድስተኛው የለኝም።»

«ባምስቱስ?»

«የጎደለው ስብራቱ አጠገብ የሚገባው ነው። ቢላላ ሁሉም ይላላል።»

አንዷን ብሎን አንስቼ አየኋት። እንዴት ያለ ሥራ ነው! ዙሪያዋን የተጠመጠመው ጥርሷ እኩል፣ ጫፏ ለስላሳ። ቀለል አለችኝ።

«ምን ዓይነት ብረት ነው?»

«ቲታኒየም ይባላል። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ይዋጋል። እሾህ ሲወጋህ እንዴት እንደሚመግል ታውቅ የለ? ይህን ግን አይዋጋውም። አጥንቱ ተጠግቶ ያቅፈዋል፣ እንደ ዘመድ።»

«ሌላው ብረትስ?»

«ሌላው ብረት ሌላ ነው» አለ። ከዚያ ከመሳቢያው አንዲት ራሷ የተበላሸ አሮጌ ብሎን አውጥቶ ሰጠኝ። «ይህቺ አትሠራም፣ ለናሙና ትሁንህ። ሌሎች ሆስፒታሎች እየሄድክ ‹እንዲህ ያለች አለቻችሁ ወይ?› በል። እኔም አስጠይቃለሁ። ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተገኘ ግን አጥንቱ እንዳመጣለት ይገጥማል።»

ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ጋ የለም። ሌላው ጋ «ለወታደር እንጂ ለሲቪል አይሰጥም» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ የአቃቂ አውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ኪሴ ውስጥ ያቺን ብሎን በጣቴ ሳገላብጣት፣ እጄ አወቃት። እንዲሁ ነው የምላችሁ። ስንት ጥርስ እንዳላት፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ እጄ ቆጥሮ ጨረሰ። «ከውጭ ካልመጣ አይገኝም» የተባለውን ሁሉ ስሠራ የኖርኩ ሰውዬ፣ የሚስቴን ብሎን ለምን እለምናለሁ?

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ ለግርማ ነገርኩት።

«ብረቷን ለያት እንግዲህ» አለኝ።

እኛ ብረት የምንለየው በማግኔት ነው። ማግኔት ናሙናዋን አልሳባትም። ከተጣለ የውኃ ፓምፕ የወጣ የማይዝግ ብረት ዘንግ ነበረኝ፤ እሱንም ማግኔት አልሳበውም።

«አንድ ዘር ናቸው» አልኩት።

ግርማ ሁለቱንም በሁለት መዳፉ ይዞ መዘናቸው። «የሐኪሙ ይቀላል።»

«የእኔ ይከብዳል፣ ስለዚህ ይጠነክራል» አልኩ።

ግርማ ትከሻውን ነቅንቆ ሰው እንዳይመጣ በር ላይ ቆመልኝ። እኔ ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ትንፋሼን ይዤ ነው ጥርሱን ያወጣሁት። ስጨርስ ከናሙናዋ ጎን አስቀመጥኳት፤ ግርማ ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ ሰው፣ የቷ ናት ያንተ?» አለኝ። መለያው አንድ ብቻ ነበር፦ እጄ ሳያማክረኝ፣ ከራሷ ሥር፣ ጭረቷን አኑሮ ኖሯል።

ከፋብሪካው መውጣት ደግሞ አለ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ያኔ የመንግሥት ንብረት ይዞ የተገኘ ሰው «አሻጥረኛ» ነው፤ ብሎን ትነስም ትብዛም። ሁለቱንም ብሎኖች በሳሙናና በቤንዚን አጥቤ አፌ ውስጥ ከተትኳቸው። የሐኪሙ በግራ ጉንጬ፣ የእኔ በቀኝ።

ጥበቃው ጋሽ በቀለ ኪሴን ዳሰሱ፤ ጫማዬን አስወለቁኝ።

«ሰይድ፣ ባለቤትህ እንዴት ሆነች?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምነው? ጉንጭህ አብጧል። ጥርስህን ነው?»

ነቀነቅኩ።

«ወይ አንተ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት መከራ! ነጭ ሽንኩርት ወቀጥ አድርገህ ያዝበት። ስማኝ፣ እኔ ባለፈው ዓመት...» ብለው ስለ ክራንቻ ጥርሳቸው ጀመሩ። እኔ ምራቄን መዋጥ አልችል፣ መትፋት አልችል። ነገሩን ከሥሩ አጫውተውኝ ሲያበቁ «በል ሂድ፣ አላህ ይማርህ» ብለው ለቀቁኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ከበሩ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ብሎኖቹ አፌ ውስጥ ነበሩ። በግራ ያለችው ምንም ጣዕም የላትም። የወንዝ ጠጠር እንኳ የሆነ ነገር ይላል፤ እሷ ምንም። ጉንጬ መኖሯን ረስቷታል። በቀኝ ያለችው ግን ምላሴን ቆንጠጥ ታደርጋለች። ሳንቲም የጎረሰ ሰው ያውቀዋል፤ ደም ደም ይላል።

ምላሴ ነግሮኝ ነበር። «ዘይቱ አልለቀቀ ይሆናል» አልኩት።

ሆስፒታል ስደርስ ፋጤ ጣሪያውን እያየች ነበር። ዙሪያዬን አይቼ መዳፌን ከፈትኩላት። አነሳቻት፤ በጥፍሯ ከብሎኗ ራስ ሥር ዳሰሰች።

«አገኘሁህ!» አለች ጮክ ብላ።

«ዝም በይ!»

ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከተሰበረች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «የበራችን መቀርቀሪያ በክረምት ዝጎ ይነክሳል። እግሬም በክረምት እንዳይነክስ አደራህን!»

«ይሄ እንደዚያ አይደለም።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«አልነግረውም።»

ሳቋን ተወች። «ሰይዴ፣ ለሐኪም አይዋሽም።»

«ዝም ማለት እንጂ መዋሸት አይደለም። ከነገርኩት አይቀበለኝም። ሁለቱ ሳምንት ደግሞ መቁጠር ጀምሯል።»

ትንሽ አሰበችና ብሎኗን መዳፌ ላይ መለሰች። «እሺ። ያንተ እጅ መቼ አሳፍሮኝ ያውቃል።»

ዶክተር ኃይሉ ፊት ግን ዝም ብቻ አላልኩም፤ ዋሸሁ። «ሌላ ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ እሱ ነው ያገኘልኝ» አልኩት። ብሎኗን ወደ መስኮቱ ይዞ አያት። ከናሙናዋ ጋር አስተያያት።

«ይህቺ ጭረት ምንድናት?»

«እንደዚያው ናት የሰጡኝ።»

በሩ ተንኳኳ፤ ቁስለኛ ደርሷል ብለው ጠሩት። «ተመስገን» አለ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ተቀቅላ ትገባለች። ነገ ጠዋት።»

ስወጣ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ፍርሃት አይደለም። ኩራት። ውጭ አገር የተማረ ሐኪም የእኔን ሥራ ከፈረንጅ ሥራ መለየት አቃተው!

በማግስቱ ስትታከም ኮሪደሩ ላይ ዱዓ እያደረግሁ ጠበቅኩ። ዶክተሩ ወጥቶ፣ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰይድ፣ ያመጣሃት ብሎን ከሁሉም ይልቅ እሷ ናት አጥብቃ የያዘችው» አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ከደስታ።

በሦስተኛው ሳምንት ቤት ገባች። ጎረቤት ሁሉ ጠየቃት። ምስጢሩን ለሰው አልተናገረችም፤ ሰው ሲያወራት ግን እግሯን በአንሶላው ላይ መታ መታ ታደርግና ወደ እኔ ታያለች። እኔም ወደ መሬት አያለሁ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ።

ወር ከምናምን አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ግንባሯ አልቦታል።

«እግሬ ይሞቀኛል» አለች።

«ጀሶው ይሆናል።»

«ይሆናል። ሰይዴ... አፌንም ምን እንዳደረገው እንጃ። ጠዋት ጠዋት ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል።»

የያዝኩትን ኩባያ አስቀመጥኩ። እስከ ዛሬ አፏ ላይ የተሰማት ከእግሯ የመጣ ይሁን ከትኩሳቱ አላውቅም፤ ሐኪሞች ይወቁት። እኔ የማውቀው፣ ቀኝ ጉንጬ ያን ቀን የነገረኝ ነገር በእሷ አፍ መመለሱን ነው። በዚያው ሰዓት በታክሲ ይዣት ሄድኩ። ጀሶው ሲቀደድ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ፊቷን አዞረች። ፋጤ ግን የምታየው የእኔን ፊት ነበር።

አደንዝዘው አስገቧት። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ባለፈው ከደስታ ያለቀስኩበት ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዶክተር ኃይሉ በር ላይ ሆኖ በጣቱ ጠራኝ። ጠረጴዛ ላይ አንድ የብረት ሳህን ነበር።

ሳህኑ ላይ ስድስት ብሎን። አምስቱ ያበራሉ፤ ትናንት ከሳጥናቸው የወጡ ይመስላሉ። ስድስተኛዋ ጠቁራለች፤ ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡራለች።

«ይህቺን ከየት አመጣሃት?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን እውነቱ ነው። «እኔ ነኝ የሠራኋት፣ ዶክተር። በእጄ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይጮህብኛል፣ ለቀበሌ ይነግርብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ጥቁሯን ብሎን በመቆንጠጫ አነሳት።

«ሁለት ዓይነት ብረት ሰውነት ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደካማው ይበላል። ደማችን ጨው አለበት። እየተበላ ሥጋዋን አስቆጣው፣ መግል ያዘ፣ አጥንቱ ውስጥ ገባ። መበላት የጀመረችው ከየት እንደሆነ ታያለህ?» ከራሷ ሥር አሳየኝ። «ከዚህች ጭረት።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎ አይቀበሉኝም ነበር።»

«አዎ» አለ፤ «አልቀበልህም ነበር።» ዓይኑን በመዳፉ አሸ። «እኔም ማሸጊያዋን ማየት ነበረብኝ። አልጠየቅሁህም። ጠይቄ ባጣት ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው ያልጠየቅሁህ።»

ከዚያ ነገረኝ። መግሉ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ደሟ ውስጥ ከገባ ትሞታለች። ከጉልበቷ በላይ መቆረጥ አለበት። እሷ ደንዝዛለች፤ መፈረም ያለብኝ እኔ ነኝ።

ነርሷ ወረቀቱን ከጣት ቀለም ጋር አመጣችልኝ። የሥራ ልብሴን አይታ ነው። «መጻፍ እችላለሁ» አልኳት። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሰ፣ ይ፣ ድ። ሦስት ፊደል። መሠረተ ትምህርት ስጨርስ ፋጤ ስሜን የጻፍኩበትን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር። ያንን ስም ቁም ነገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት እግሯን ቁረጡ ብዬ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ዶክተሩን ለመንኩት። «ጥቁሯን ይስጡኝ። ካላስቸገርኩዎ... ከሚያበሩትም አንዷን።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሁለቱንም በፋሻ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ፋጤ ስትነቃ መጀመሪያ እጇ ነው የነቃው። አንሶላው ሥር ወረደ፣ ፈለገ፣ ባዶውን አገኘ፣ ቆመ።

«ሰይዴ፣ የት ሄደ?»

እጇን ያዝኩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ያንተ ብሎን ነች?» አለችኝ።

«አይደለችም» አልኩ። «የተበላሸችው ሌላዋ ናት። የእኔ ይቻትልሽ።» የምታበራዋን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

በጣቶቿ አገላበጠቻት። ጥፍሯ ከራሷ ሥር ሄደ፤ ዞረ፤ እንደገና ዞረ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«ማሻአላህ» አለች። «እንዴት ታበራለች።» የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን። ፋብሪካው አሰናበታት፤ ቤት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋ ነበር። ክራንች ሠራሁላት፤ ከእንጨት ነው የሠራሁት። አገላብጣ አይታ «ጭረትህን ረሳህ?» አለችኝ። «ረሳሁት» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሠራሁት ነገር ላይ ጭረት አኑሬ አላውቅም። ገበያ ስንሄድ ከፊት የምሄደው እኔ ሆንኩ። ዞር ስል በክራንቿ ስትከተለኝ አያለሁ፣ ትስቅልኛለች። ያ ሳቅ ከስድብ ሁሉ ይብስብኝ ነበር። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁ።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ዓመት ኩላሊቷ ታመመ። በመጨረሻዋ ሳምንት፣ ጠዋት ነው፣ ፀሐይ በበሩ ገብታለች፣ ሻሿን ፈትታ ብሎኗን ሰጠችኝ።

«ይህቺን ለሐኪሙ መልስለት። የእሱ ናት።»

«ፋጤ...»

«ጭረትህ የለባትም፣ ሰይዴ። ያን ቀን ነው ያየሁት።»

አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። «ስድስት ዓመት? ለምን ዝም አልሽ?»

«ማወቄን ብታውቅ ደፍረህ ፊቴን አታይም ነበር» አለችኝ። «እግሬን ወስደውታል። አንተንም እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ለዶክተሩ ልመልስለት ብሄድ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል አሉኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ገጠመኜ ይህ ነው። ትምህርት የለኝም ብዬ አላመካኝም፤ ያልተማረ ሰው ሁሉ አይዋሽም። ክፉ ሰውም አልነበርኩም፤ ይህ ግን ለእሷ ምን ይረባታል? እጃችሁ የሰለጠነ ሰዎች፣ የምታውቁት ነገር የማታውቁትን እንዳይጋርድባችሁ እለምናችኋለሁ። ማግኔቴ የነገረኝን ሰማሁ። ሚዛኑ ሲነግረኝ ተከራከርኩ። ምላሴ ሲነግረኝ በዘይት አሳበብኩ። የሚወዳችሁ ሰው ደግሞ ዝም ሲላችሁ አልገባውም አትበሉ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጥርስ ሐኪሟ ተመለስኩ። ጥርስ ላስተክል አይደለም፤ በቀሩኝ እበላለሁ። የጠቀለልኩባትን ፋሻ ፈትቼ የምታበራዋን ብሎን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። መብራቷን አብርታ አየቻት።

«አባባ፣ ይህቺ የአጥንት ብሎን ናት! ሰው ውስጥ ገብታ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ምንም አልሆነችም እኮ። እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። የፋብሪካ ሰው እንደነበርኩ የወንድሜ ልጅ ነግሯታል። «እርስዎ ነዎት የሠሯት?»

ይህን እንድጠየቅ የምመኝበት ዘመን ነበር።

«አይደለሁም፣ ልጄ» አልኳት። ከኪሴም ጥቁሯን አወጣሁ።

«የእኔ ይህቺ ናት።»